የወይዘሮ ቪብከ የመጀመሪያ ምዕራፍ

መጀመሪያ ወይዘሮ ቪብከ ገመዱን ጫፍ ከጫፍ አገናኝተው አጠፉትና መሀሉን በአውራ ጣታቸው ያዙ። ከዚያ በግራ አንጓዬ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠሙ፤ አንዱ ዙር ሌላው ላይ እንዳይወጣ ጎን ለጎን አስተኙት። ቀጥለው ሁለት ጣታቸውን በገመዱና በቆዳዬ መካከል ሰደዱ። ጣቶቹ ያለ ትግል ገቡ፣ ያለ ትግል ወጡ። ጥፍሬን ጫን አድርገው ለቀቁና ደሙ እስኪመለስ ድረስ እንደ ወጥ ቀማሽ በጽሞና ጠበቁ።

"ይቀዘቅዝዎታል?"

"የለም።"

"ይነዝርዎታል?"

"እሱም የለም።"

ጫፉ ዱልዱም የሆነ የነርስ መቀስ በቀኛቸው አስቀምጠው የመጽሐፋቸውን ረቂቅ በግራቸው ዘረጉና ቀይ እስክሪብቶ አነሡ። "እዚህ 'ጠበቅ አድርጉ' ብያለሁ። ጠበቅ ምን ያህል ነው? የእርስዎ ጠበቅና የእኔ ጠበቅ አንድ ነው?" ሰረዙት። በምትኩ "ሁለት ጣት እስኪያስገባ ድረስ" ብለው ጻፉ።

በዚህ መሀል ባለቤቴ አንትየ ሻይ ይዛ ማተሚያ ቤታችን ገባች። ባሏ ከወረቀት መቁረጫው አጠገብ ወንበር ላይ ታስሯል።

"ምን አድርጎ ነው?" አለች ወደ ወይዘሮዋ ዞራ።

"ምንም አላደረገም። ገጽ አርባ ሁለትን እየፈተሽን ነው።"

"እንግዲያው ሳይፈታ፣ የበረንዳውን በር መቼ እንደሚጠግን ይጠይቁልኝ።"

በየሕንጻው አንድ መመሪያ አንባቢ አለ። ሌላው የሰው ዘር ማሽኑን ይሰካል፣ ጭሱን ያያል፣ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ከቆሻሻ ቅርጫት ፈልጎ ያወጣል። መመሪያ አንባቢው ግን ካርቶኑ ሳይከፈት ተቀምጦ ያነባል፤ ማስጠንቀቂያውን ሁሉ፣ ሕፃናትን የሚመለከተውንም፣ ልጅ ባይኖረውም። እኛ ሰፈር፣ ጀርመን አገር ብሬመን ውስጥ፣ ይህን መንበር የያዙት ክብርት ወይዘሮ ቪብከ ሃርምዘን ናቸው። አሳንሰር ውስጥ ሲገቡ የክብደት ልኩን አንብበው፣ ተሳፋሪውን በዓይናቸው መዝነው፣ "አንዳችን እንውረድ" ይላሉ። አንዳችን እንወርዳለን። የልደት ሻማ እንኳ ማሸጊያው ካልተነበበ አይለኮስም። "ቆይ፣ መጀመሪያ እናንብብ" ሲሉ ኬኩ ላይ ያጎነበሰው ሁሉ ቀና ይላል።

ይህ አመል እንጀራቸው ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ ይጽፉ ነበር። በሚሊዮን ታትመው ማንም ካላነበባቸው ታላላቅ ደራስያን አንዷ ናቸው ማለት ነው። ይህን ስላቸው አይከፋቸውም። "የኔ ተደራሲ ውሃ ወለሉ ላይ የፈሰሰበት ሰው ነው፤ እሱ ያነባል" ይላሉ ኮራ ብለው።

ሁለተኛው ሙያቸው የጀመረው ከመሥሪያ ቤት ውጭ ነው። በወር አንዴ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከወንዙ ማዶ ባለ መጠጥ ቤት የጓዳ ክፍል ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ይሰየማል። ተሰብሳቢዎቹ ቢዲኤስኤም የሚባለውን የሚወዱ ወይም ለማወቅ የጓጉ ጎልማሶች ናቸው፤ አንዱ አሳሪ አንዱ ታሳሪ፣ አንዱ አዛዥ አንዱ ታዛዥ ሆነው፣ አስቀድመው ተስማምተው የሚጫወቱት የመኝታ ቤት ጨዋታ መሆኑ ነው። ጠረጴዛው ላይ የሚታየው ግን ጎመን፣ ቋሊማና ቢራ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ እንግዳ የዕድር ስብሰባ ላይ የገባ ይመስለዋል። ሰብሳቢዋ፣ የሱፍ ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ወይዘሮ ቪብከ ናቸው።

አንድ ጊዜ ላሰ የሚባል፣ ሠላሳውን ያለፈ ሰው፣ በተቀመጠ ቁጥር የሚንጫጫ የቆዳ ሱሪ ለብሶ መጣ።

"እኔ እንኳ ጀማሪ አይደለሁም፤ ልምድ አለኝ" አለ።

"ደስ ይላል ልጄ" አሉት። "እንዴት ነው የምታቆመው?"

"ምኑን?"

"የጀመርከውን።"

"እኔ ጀምሬ አላቆምም!"

ወይዘሮ ቪብከ የጎመኑን ሳህን ወደ እሱ ገፋ አደረጉ። "እንግዲያው ዛሬ ብላና ወደ ቤትህ ሂድ። ማቆም ስትችል ናና እንዴት እንደሚጀመር እንነግርሃለን።" ላሰ በላ፣ ሄደ፣ ደግነቱ በሚቀጥለው ወር በጂንስ ሱሪ ተመልሶ መጣ።

እንዲህ እንዲያመርሩ ያደረጋቸው ምክንያት ነበር። በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷና ባሏ አንድ ርካሽ መጽሐፍ ገዝተው፣ ሥዕሉን ተከትለው፣ እጇን አሰሩ። ሲደነዝዛት፣ ልማዱ እንዲህ ይሆናል ብላ ዝም አለች። ባሏም ካልተናገረች ደህና ናት ብሎ ዝም አለ። ለወራት በዚያ እጇ ብዕር መጨበጥ አቃታት። መጽሐፉ ማቆምንና መናገርን የሚያስተምር ምዕራፍ ነበረው፤ መጨረሻ ላይ፣ ከማስታወቂያው በፊት። እዚያ ድረስ አልደረሱም ነበር። ወይዘሮ ቪብከ ይህን ሲሰሙ አልጮኹም። ቤታቸው ሄደው መጻፍ ጀመሩ።

የእሳቸው መጽሐፍ የሚጀምረው በማቆም ነው። አረንጓዴ ስንል ቀጥል፣ ቢጫ ስንል ቀስ በል፣ ቀይ ስንል ሁሉም ነገር ባለበት ይቁም፣ ማብራሪያ አይጠየቅም። ገመድ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። እኔ ፊደሉን ለቅሜ ገጹን ሳዘጋጅ ምንም አልገረመኝም። በእኛ ሙያ ወረቀት መቁረጫው ላይ አዲስ ሰው ስናቆም መጀመሪያ የምናሳየው ማጥፊያውን ነው፤ ቢላዋውን ያደነቀ ሁሉ ጣቱን ይዞ አልወጣም።

ከአሳታሚው የተላኩት አቶ ቶርበን ክቫስት ግን ተገረሙ። ሻርፓቸውን ሳይፈቱ ረቂቁን ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

"ወይዘሮ ሃርምዘን፣ መጽሐፍ ግብዣ ነው። 'ቁም' ብሎ የሚጀምር ግብዣ የት አይተዋል? ይህን ምዕራፍ ወደ ኋላ እንውሰደው። ሥዕሎቹ ይቅደሙ።"

"የሥዕሎቹ መጽሐፍ ታትሟል" አሉ ወይዘሮ ቪብከ። "ተከትላው የታሰረችን ሴት እጅ አይቻለሁ።"

"ሰው እኮ የፈለገውን ገልጦ ያገኛል! ማውጫ አለው!"

"ምዕራፉ ወደ ኋላ ከሄደ እኔም ረቂቄን ይዤ እሄዳለሁ።" ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። ከኋላቸው ያለው የዓመታት ልፋት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ገመዱን አነሡና፣ "ወይም እንፈትሸው" አሉ።

ሦስት ጊዜ ፈቃዳቸውን ጠየቁ። አቶ ክቫስት ሦስቴም "ይሁን፣ ይሁን" አሉ። ሁለቱም እጃቸው ከወንበሩ መደገፊያ ጋር ታሰረ፤ ሁለት ጣት ገባ፣ ወጣ። ምዕራፉ አቶ ክቫስት በፈለጉት ቦታ፣ በመጨረሻ፣ የተሰፋበት ናሙና ጭናቸው ላይ ተቀመጠ።

"በሉ እንግዲህ" አሉ ወይዘሮ ቪብከ፣ መቀሱን ይዘው አጠገባቸው ቆመው። "እጅዎ ደንዝዟል እንበል። ምን እንደሚባል ገልጠው ያግኙ። ማውጫ አለው።"

አቶ ክቫስት በአገጫቸው ሞከሩ። ሽፋኑ ተከፈተ፣ ተመልሶ ተዘጋ። በአፍንጫቸው እስከ ማውጫው ደረሱ፤ መነጽራቸው ወደቀ። ኪሳቸው ውስጥ ስልክ ጮኸ። ላብ ጀመራቸው።

"ኧረ ይፍቱኝ በናትዎ!"

ቃሉ ሳያልቅ ገመዱ ተፈቷል። ወይዘሮ ቪብከ አንጓቸውን እያሹላቸው ውሃ አቀረቡላቸው። "ጎበዝ ነዎት፣ ተናገሩ" አሉ። "ያቺ ሴት ግን መናገር የሚፈቀድ አልመሰላትም ነበር። እሱን የሚነግራት ገጽ መጨረሻ ላይ ነበር።"

አቶ ክቫስት መነጽራቸውን ከወለሉ አንሥተው ጠረጉ። ከዚያ ናሙናውን ወደ እኔ ዘረጉ። "ወደ ፊት ይምጣ" አሉ።

አሁን አቶ ክቫስት በየወሩ ማክሰኞ ጎመን ይበላሉ። "ለሥራ ጉዳይ ነው" ይላሉ፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

እኔም ያላሰብኩትን አደረግሁ። ማተሚያ ቤታችን ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲያትም የኖረ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲመጣ ስማችንን ሳናስገባ እናትማለን። በዚህኛው ላይ አስገባሁት፣ በትልቁ። አክስቴ አይታ፣ "ፎልከርት፣ ይኼ የኛ ስም ነው?" ስትለኝ፣ "አዎ አክስቴ፤ ስፌቱን እይው፣ አንድ ገጽ አይወድቅም" አልኳት። አሳንሰር ሲከብድም ከእንግዲህ ሳልጠየቅ የምወርደው እኔ ነኝ።

ይህን ጽሑፍ ለወይዘሮ ቪብከ አስቀድሜ አሳየኋቸው። በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ውዳሴ ሰረዙብኝ። "በተረፈው ቦታ ለአንባቢዎ አንድ ነገር ይለምኑልኝ" አሉ። "ገመድ ባይወዱም፣ መጽሐፌን ባይገዙም ግድ የለኝም። ዛሬ ምሳ ላይ አብሯቸው የሚኖረውን ሰው፣ 'እስከ ዛሬ ሳትወደው ዝም ያልክልኝ ነገር ምንድን ነው?' ብለው ይጠይቁት። ሲመልስላቸውም እባካቸውን አይከራከሩት።"