የይታገሱ ቀዝቃዛ ሣጥኖች

ይታገሱ ቢሾፍቱ ውስጥ የጫጩት መፈልፈያ ማሽን እየሠራ ይሸጣል። እጁ ጥሩ ነው፤ ይህን የማይወዱትም አይክዱትም። ሣጥኑን ከላሜራ ይቆርጣል፣ ማሞቂያና ማራገቢያ ያስገባለታል፣ ዕንቁላል የሚያገላብጠውን ሞተር ይገጥምለታል። የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ ከጥፍር የማትበልጥ ቺፕ። ማሞቂያው መቼ እንዲነሳ፣ መቼ እንዲያርፍ የምታዘው እሷ ናት። እሷ ከሌለች ያ ሁሉ ልፋት ቀዝቃዛ ሣጥን ሆኖ ይቀራል።

ቺፗ የምትመጣው ከባሕር ማዶ ነው። ያን ዓመት ደግሞ ዓለም ሁሉ ፈላጊዋ ሆነ። ትልልቆቹ የመኪና ፋብሪካዎች እያፈሱ ወሰዷትና ለትንሹ ሰው ወረፋው ራቀ። ይታገሱ ግን ዛሬ ነገ ትመጣለች እያለ ሣጥን መሥራቱን አላቆመም። ወርክሾፑ ሲሞላ ወደ መኖሪያ ቤቱ ማስገባት ጀመረ። ሳሎኑ ሞላ። አንድ ቀን ሰው ይገባበታል ብሎ ያሠራው፣ ሰው ግን ገብቶበት የማያውቀው ትልቁ መኝታ ቤትም ሞላ። እሱ ራሱ በጠባቧ ክፍል ብቻውን ይተኛል።

ዘመዶቹ አዘኑለት። ሲያዝኑለት ደግሞ ምክር አይጠፋቸውም፤ ሌላ ሞልቶ ሳለ ምን አንዷ ላይ ሙጭጭ አስባለህ ይሉታል። እውነትም ሌላ ዓይነት ነበረች፤ ጉትጎታው ሲበዛበት አንዴ አምጥቶ ሞከራት። መልኳ ያምራል፣ ለማግኘትም አታስቸግርም፤ ከምትሰካበት የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ጋር ግን አልተግባቡም። ሣጥኑ አንዴ ይነድዳል፣ አንዴ ጭራሽ ይበርዳል። የገባው ዕንቁላል ሁሉ ተበላሸ። ቦርዱ ገና ሲነደፍ ለአንዷ ተብሎ ነው የተነደፈው፤ ይህን ለዘመድ ማስረዳት ቀላል አይደለም።

ቺፗን የምታስመጣው ሰናይት ናት። መርካቶ፣ አንድ ሕንጻ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሱቅ አላት። ከይታገሱ ጋር ቴክኒክ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ተምረዋል፤ የመጀመሪያውን ቦርድ የነደፉትም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ነው። ዕቃ እንደሚጠፋ ገና ሲሸት፣ አምራቾቹ አስቀድሞ ቁርጡን ለነገራቸው ሰው ብቻ እንደሚልኩ አስጠንቅቃው ነበር። እስቲ ላስብበት አላት። ይኸው እስካሁን እያሰበበት ነው።

ስልኳን ያውቀዋል። ቢሆንም በየቅዳሜው ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ በሚኒባስ ተሳፍሮ ራሱ ይሄዳል። በር ላይ ይቆምና ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ ያወራል፤ በመጨረሻ ዘንድሮ ዕቃ ጠፋ አይደል ይላታል። ፈልገህ ነው ወይ ስትለው፣ ኧረ እኔ አልቸኮልም፣ እንዲሁ ሳልፍ ነው ብሎ ይመለሳል። ከቢሾፍቱ ተነስቶ በመርካቶ የሚያልፍ ሰው እንግዲህ ወዴት እንደሚሄድ እሱ ይወቅ። ምስኪን፣ የፈራው ሌላ አልነበረም፤ ከእሷ አፍ የለም የሚለውን ቃል መስማት ነው።

መቸኮሉንማ ሠራተኞቹ ያውቁታል። ማሽኑን ያዘዙት ዶሮ አርቢዎች፣ በወሩ መጨረሻ ካልደረሰን ከሌላ እንገዛለን ብለዋል። እነሱ ከሄዱ ወርክሾፑ ይዘጋል፤ ሠራተኞቹም ይበተናሉ። የሠራተኞቹ አለቃ ወይዘሮ ዘነበች ይህን ሲሰሙ ሽማግሌ መፈለግ ጀመሩ። ለዕቃ አስመጪ ሽማግሌ ይላካል እንዴ ብሎ የሳቀባቸው አልጠፋም። እሳቸው ግን እንዲህ ያለ ነገር በሌላ መንገድ ሲገኝ አላየሁም ብለው ሁለት አዛውንት አስነሱ። ይታገሱም የቺፗን ዓይነት የማውቀው እኔ ነኝ በሚል ሰበብ ተከተላቸው። ጠያቂው ራሱ አብሮ አይሄድም ቢሉት አልሰማም።

ሽማግሌዎቹ ሱቁ ሲደርሱ ጋቢያቸውን አስተካክለው ገቡ። ሰናይት ብድግ ብላ ወንበር አቀረበች፤ አልተቀመጡም። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ታላቅየው፣ አባባ ሽብሩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ይህ ልጃችን ሁሉን አሟልቶ ሠርቷል። አንድ ነገር ጎድሎት ቤቱ በርዷል፤ ወርክሾፑም ሊዘጋ ነው። የጎደለው ያለው ደግሞ በአንቺ እጅ ነው አሉን። እሱ አፍ ስለሌለው እኛ መጣን።»

ሰናይት ከሽማግሌዎቹ ኋላ ጥግ ይዞ የቆመውን ይታገሱን አየችና እውነት ወርክሾፑ ሊዘጋ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። አሁን መዋሸት አቃተው። ስለ ዶሮ አርቢዎቹ፣ ስለ ሠራተኞቹ፣ ቤቱ ገብተው ስለተደረደሩት ሣጥኖች ነገራት። ስትሰማው ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከሐዘኗ ይልቅ ግን ቁጣዋ ይበልጥ ነበር።

ወደ ጓዳው ገባችና አንድ የታሸገ ካርቶን ይዛ መጣች። አቧራ ለብሷል። ሙሉውን እሱ የሚፈልጋት ቺፕ ናት፤ ለወቅቱ ሥራ ትበቃለች። ማንም ሳያዛት በራሷ ግምት ያስመጣችው ነው። ትልልቅ ደንበኞች እጥፍ እንክፈልሽ ብለው ሲወተውቷት የተያዘ ነው እያለች መልሳቸዋለች። ማን ያዘው ቢሏት ግን የምትጠራው ስም አልነበራትም።

«ይህን ሁሉ ጊዜ እዚህ ነበር?» አለ ይታገሱ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሳልፍ ነው ላልከኝ ሰው ምን ብዬ ልንገረው?»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ይታገሱ ከጥጉ ወጣ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሽማግሌ ፊት ቀድሞ ቆመ።

«እንግዲያው ለእኔ ይሁን» አለ። ሲናገር ዓይኑ ካርቶኑ ላይ አልነበረም።

ሰናይት ወንበሮቹን ወደ ሽማግሌዎቹ ጠጋ አደረገች።

«በሉ ተቀመጡ፣ አባቶቼ» አለች። «የዘገየው ጠያቂው ነው እንጂ፣ ዕቃውስ መቼ ዘገየ።»