ግራ ያልገባው ኮምፒውተር

ሥልጣኔ ወደ ሆስፒታሉ የገባችው ሰኞ ዕለት ነው፤ በካርቶን ታሽጋ። ሥራ አስኪያጁ ሪባኑን ቆርጠው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ካርድ የሚባል ነገር ታሪክ ሆኗል። የሕሙማን መረጃ ቀልጣፋ፣ ግልጽና ተጠያቂነት በሰፈነበት የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ይመራል» አሉ። ተጨበጨበ። አሮጌዎቹ ካርዶች የዚያኑ ዕለት በጆንያ ተጭነው ወጡ፤ የካርድ ክፍሉ በር ላይም «የመረጃ ማዕከል» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። ውስጡ የነበረው አቧራ እንኳ ማዕረግ ያገኘ መሰለ።

የሥርዓቱን በረከት ቀድመው ከቀመሱት ዕድለኞች አንዱ ልብስ ሰፊው ነው። ሱቁ ውስጥ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ጥቅል ጨርቅ ሊያወርድ በርጩማ ላይ ቆሞ ሳለ በርጩማው ከዳው፤ ሲወድቅም ግራ እጁን አስቀደመ። አንጓው ወዲያው አብጦ ዳቦ አከለ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ የተማሪዎቹ የደንብ ልብስ ተቆርጦ ተከምሯል። ሚስቱ ሱቁን ዘግታ፣ እየደገፈች ወሰደችው።

ሐኪሙ ደግ ልጅ ነበር። እጁን ቀስ አድርጎ ዳበሰና «ተሰብሯል አባቴ። አይዞዎት፣ በጀሶ ይታሰራል» አለ። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ፤ እንደዞረም ቀረ።

«ምነው ልጄ፣ ጠፋብህ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ግራ እጅ የለም።»

ልብስ ሰፊው ደንግጦ እጁን አየ። እንዳለ ነው።

«እዚህ ውስጥ ማለቴ ነው» አለ ሐኪሙ። «ቀኝ እጅ አለ፣ ቀኝ እግር አለ፣ ቀኝ ጆሮም አለ። ግራ ግራው በሚቀጥለው በጀት ይጨመራል ተብለናል። ሳልሞላ ደግሞ ወደ ጀሶ ክፍል አያሳልፈኝም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ቀኝ ብዬ ልላክዎት። ጀሶ የሚያስረው ሰው ዓይን አለው፤ ያበጠውን አይቶ ያስራል።»

በዚያ ቀን ልብስ ሰፊው ግራ ገባው፤ ሚስቱ ግራ ገባት፤ ሐኪሙም ግራ ገባው። በሆስፒታሉ ውስጥ ግራ ያልገባው ኮምፒውተሩ ብቻ ነበር።

ጀሶ አሳሪው በእርግጥ ዓይን ነበረው። ማስጠንቀቂያም ነበረው፤ በቅርቡ ስክሪኑን ትቶ በገዛ ዓይኑ በመመልከቱ «ሥርዓቱን ተጋፍቷል» ተብሎ በጽሑፍ የተሰጠው።

«ቀኝዎን ይስጡኝ» አለ።

«የተሰበረው ግራዬ ነው እኮ።»

«አይቻለሁ ጋሼ። ክፉኛ ነው የተሰበረው። የታዘዘው ግን ቀኝ ነው።»

«ወንድሜ፣ ቀኙ ጤነኛ ነው» አለች ሚስቱ።

«ጥሩ ነዋ እትዬ። ጤነኛ ከሆነ ሲታሰር አያመውም።»

ጤነኛው እጅ እስከ ክርኑ ድረስ በነጭ ጀሶ ተጠፈረ። አሠራሩ አንዳች እንከን አልነበረውም፤ ልብስ ሰፊውም የባለሙያ ሥራ ያውቃልና ይህን አልካደም።

ወደ ሐኪሙ ሲመለሱ ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። ጀሶው እንዲፈታ «ቀኝ እጅ ድኗል» ብሎ መሙላት አለበት፤ ሥርዓቱ ደግሞ አጥንት የሚገጥምበት ጊዜ ሳይደርስ ይህን አይቀበልም። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ የመጣበትን ካርቶን ቀደደና ግራ እጁን በእሱ ደግፎ በፋሻ አሰረለት። አዲሱ ሥርዓት ለልብስ ሰፊው ያበረከተው የሕክምና እርዳታ ይኸው ካርቶን ነው።

ቤት ውስጥ ሚስቱ በማንኪያ ታበላዋለች፣ አፉን ትጠርግለታለች፣ ሸሚዙን ትቆልፍለታለች። አንድ ጠዋት ሱሪውን እያስታጠቀችው፣ «ስንጋባ በደስታም በመከራም ብለን ነበር፤ ስለ ቀበቶ የተባለ ነገር ግን ትዝ አይለኝም» አለችው። ሊስቅ ፈልጎ ሱቅ የቀረው የጨርቅ ክምር ሲታሰበው ሳቁ ጠፋበት።

ጥቂት ሰንብቶ ከሆስፒታሉ ተደወለለት፤ ጀሶው ይፈታልዎታል፣ ይምጡ ተባለ። ከሚስቱ ጋር ሲደርስ ግን የወሰዱት ወደ አዳራሹ ነው። ለካ የሥርዓቱ አፈጻጸም የሚገመገምበት ቀን ኖሯል። ሥራ አስኪያጁ ከዋናው መሥሪያ ቤት በመጡት የክብር እንግዳ ፊት ሪፖርት ያነባሉ።

«ሥርዓቱ ከተዘረጋ ወዲህ በግራ እጅ፣ በግራ እግርና በግራ ጆሮ ላይ አንድም ሕመም አልተመዘገበም። ሆስፒታላችን የግራ በሽታዎችን ሙሉ በሙሉ አጥፍቷል።»

የክብር እንግዳው ቀድመው አጨበጨቡ። ከዚያ ልብስ ሰፊው ለምስክርነት መድረክ ላይ ወጣ።

«ቀኝ እጅዎን ያምዎታል?» አሉት ሥራ አስኪያጁ።

«ኧረ አያመኝም።»

«ማንቀሳቀስስ ይችላሉ?»

«ጀሶው ባይኖር እችል ነበር።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ስለ ግራው ሊናገር አፉን ሲከፍት ማይክሮፎኑ ከፊቱ ተነስቷል።

በጭብጨባው መሐል የክብር እንግዳው ፊታቸውን አጨማደው ደረታቸውን ያዙ። «ወጋኝ» አሉ። «እዚሁ ልታይ እስቲ፣ በዚያው ሥርዓቱንም አየዋለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ አመድ መሰሉ። «በየት በኩል ነው ክቡርነትዎ?»

«በግራ።»

ሥራ አስኪያጁ እንግዳውን ክንዳቸውን ይዘው በጓሮ በር አወጧቸው። ለሾፌሩም በሹክሹክታ፣ «ድልድዩ አጠገብ ወዳለችው ክሊኒክ አድርሳቸው። እዚያ በወረቀት ነው የሚሠሩት። ቶሎ በል» አሉት።

ባሏን እየጎተተች በዚያው በር ስትወጣ የነበረችው የልብስ ሰፊው ሚስት ይህን ሰማች። «ወንድሜ፣ የእኛም መንገድ በዚያው ነው» ብላ የመኪናውን የኋላ በር ከፈተችና ባሏን አስገባችው፤ ተከትላው ገባች።

ክሊኒኳ አንድ ክፍል ናት። አሮጊቷ ሐኪም የእንግዳውን ደረት አዳመጡ፣ ልባቸው ደህና መሆኑን ነግረው መድኃኒት ሰጧቸውና አግዳሚ ወንበር ላይ አሳረፏቸው። ቀጥለው የልብስ ሰፊውን ካርቶን ፈቱ። «ትንሽ ተጣሞ ሊገጥም ነበር፤ ደግነቱ ደርሰንበታል» አሉና ጀሶ ማራስ ጀመሩ።

እንግዳው ትኩር ብለው አዩት። «አንተ ቅድም የዳንከው ሰውዬ አይደለህም?»

«ነኝ ጌታዬ። የዳንኩት በቀኝ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«የተጠየቅሁት ስለ ቀኙ ነዋ።»

እንግዳው እጁን፣ ካርቶኑን፣ ከዚያም የገዛ ደረታቸውን አዩ። ስልካቸው ጮኸ፤ ሥራ አስኪያጁ ናቸው።

«አዎ፣ ደህና ነኝ» አሉ እንግዳው። «ሥርዓቱ? ግሩም ነው። በሁሉም ሆስፒታሎች መዘርጋት አለበት፤ ነገውኑ እፈርማለሁ።»

ስልኩን ኪሳቸው ከተው ወደ ሐኪሟ ጠጋ አሉ።

«ዶክተር፣ የእኔን እባክዎ በእስክሪብቶ ይጻፉልኝ» አሉ።