ሃያ ሊትር የወለል ማጠቢያ

ቤት ማጽዳት ሠርቶት የማያውቅ ሰው ብቻ አሳምሮ የሚያውቀው ሥራ ነው። ባለቤቴ እታገኝ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቤታችንን ስታጸዳ አንድ ቀን እንኳ ስለ ጽዳት ንግግር ስታደርግ ሰምቻት አላውቅም። እኔ ግን መጥረጊያ በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ በቅጡ ሳልለይ በጽዳት ጉዳይ ላይ አቋም ያዝኩ። ለመሆኑ አቋም ለመያዝ ሥራ መቻል ያስፈልጋል ያለው ማነው?

ነገሩ የጀመረው በመሥሪያ ቤታችን አዳራሽ በተሰጠ የአንድ ቀን ሥልጠና ነው። አሠልጣኙ በፕሮጀክተር እያሳዩ በረኪና ለሳንባም ለአፈርም ጠንቅ እንደሆነ፣ ቤት በሎሚ፣ በጨውና በአመድ አምሮ እንደሚጸዳ አስረዱን። እኔም ማስታወሻ ያዝኩ። ቤት ገብቼ ድስት በአመድ እንደሚፈተግ ለእታገኝ ሳበስራት ትክ ብላ አየችኝና፣ «እናቴ ይህን ያስተማረችኝ ያለ ፕሮጀክተር ነው» አለች።

እውነቷን ነው። እታገኝ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩ ገበሬዎች የተወለደች ናት። እናቷ ጠላ ጠማቂ ነበሩ፤ ጋን በግራዋ ሲታጠብ እያየች ነው ያደገችው። እኔ ደግሞ የወለጋ ልጅ ነኝ፤ አያቴም አባቴም ወንጌላውያን ናቸው። በቤታችን ከውሃና ከወተት ሌላ የሚጠጣ ነገር ገብቶ አያውቅም። ይህን የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም፤ በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

እናም ለውጡን በአዋጅ ጀመርኩ። በረኪናውን ከቦይ ልደፋው ብዬ ስወጣ አካባቢ ጥበቃ ትዝ አለኝና ለጎረቤት ሰጠሁት። የጎረቤትም አካባቢ ያው አካባቢ መሆኑ ትዝ ያለኝ ግቢያቸው ደርሼ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ከዚያ መታጠቢያውን በሎሚና በጨው አሸሁት፤ አበራ። የመስኮቱን መስታወት በእርጥብ ጋዜጣ ወለወልኩት፤ እሱም አበራ። እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው።

አላቆምኩም። ስልኬ ላይ አንዲት ሴትዮ የፍራፍሬ ልጣጭ ከስኳርና ከውሃ ጋር አድርጋ ሦስት ወር ስታስቀምጥ፣ ከዚያም በፈሳሹ ወለል ስትወለውል አየሁ። ጊዜው የማንጎ ወራት ነበር። በማንጎ ወራት አሶሳን የሚያውቅ ሰው ያውቃል፤ ፍየል እንኳ ማንጎውን አይቶ ፊቱን ያዞራል። ልጣጭ ሞልቷል፤ ስኳር ግን ከሱቅ ጠፍቷል። ስኳር ከጠፋ ጣፋጭ ነገር ጠፋ ማለት ነው እንዴ? የእታገኝ ወንድም አያሌው ቀፎ አለው። ሄጄ ማር ጠየቅሁት። ለምን እንደፈለግሁት ቢጠይቀኝ፣ ለወለል ነው አልኩት። አያሌው ጨዋ ሰው ነው፤ ማሩን ሰጠኝና ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ማሩን፣ ልጣጩንና ውሃውን በሃያ ሊትር ቢጫ ጀሪካን አድርጌ ከኩሽናው ጥግ አስቀመጥኩት። እታገኝ በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር ታሸተው ጀመር። በሳምንቱ፣ «ይሄ ነገር እየፈላ ነው» አለችኝ። ኢንዛይም እንደሚባል አስረዳኋት። «የእናቴም እንዲሁ ነበር የሚጀምረው» አለች። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ጌሾ ብቻ እንደቀረው ነገረችኝ። እኔ ሳይንስ ነው አልኳት። የአሶሳ ሙቀት የሦስት ወሩን ሥራ በሦስት ሳምንት ጨረሰው። እኔም የእጄ ቡራኬ መሰለኝ።

ልጃችን ኬና፣ ቶሌራ የሚባል የባምባሲ ልጅ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን የነገረችን በዚያው ሰሞን ነው። ቶሌራ ጉባ፣ ግድቡ ላይ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ ትሑት ልጅ። ኬና ስሙን ስትጠራ ድምጿ ይለወጣል። ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? እታገኝ በረኪና ይገዛ አለች፤ እኔ ልጄ በመርዝ በታጠበ ቤት አትታጭም አልኩ። ኬና ሁለታችንንም አየችና፣ «አባዬ፣ እባክህ እንደ ሰው ቤት ይሁንልኝ» አለችኝ። አባቷ እያለ ምን ያሳስባታል?

ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት ቅዳሜ ጠዋት ጀሪካኑን ስከፍተው ለረጅም ጊዜ ተነፈሰ። ግማሹን ቀድቼ ወለሉን ወለወልኩ፤ ሶፋውን፣ ጠረጴዛውን፣ በሩን ሳይቀር። የቀረውን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ቀዩ አቧራ እንዳይገባ መስኮቱንም ዘጋሁ። ከላይ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ግሏል። እኔ የሚሸተኝ ማንጎ ብቻ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። መሪያቸው ኦቦ ተርፋሳ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ወጣቱን ከመጠጥ እንዲርቅ በመምከር ባምባሲ የሚያውቃቸው ናቸው። ሁለተኛው የቶሌራ ቤተሰብ ጎረቤት፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጁ ነጋዴ ሀጂ ኑር ናቸው። ሦስተኛው ከመጡ እስኪሄዱ ቃል ስላልተነፈሱ ስማቸውን አልያዝኩም። ሁለት ንቦችም ሳይጋበዙ አብረዋቸው ገቡ። በሃይማኖት የማይገናኙ አፍንጫዎች በአንድ ጊዜ ተሸበሸቡ። ማንም ምንም ሳይላቸው ሀጂ ኑር፣ «እኔ ጉንፋን ያዘኝ። አፍንጫ ምንም አይሠራም፣ ወላሂ» አሉ። እንደዚያ ዓይነት ደግ ሰው አይቼ አላውቅም።

ኦቦ ተርፋሳ ቆመው ጸሎት ጀመሩ። ዓይናችንን ጨፈንን። «ይህን ቤት ባርክ» ከሚለው ሲደርሱ ከኩሽና አንድ ነገር እንደ ጥይት ጮኸ። የጀሪካኑ ክዳን ጣሪያ መትቶ ተመለሰ። ቀጥሎ አረፋው በበሩ ሥር ሾልኮ ወደ ሳሎን ገባና፣ ቀስ እያለ መጥቶ የኦቦ ተርፋሳ ጫማ ጋ ቆመ። «አሜን» ያሉት ሀጂ ኑር ብቻ ናቸው።

የወለል ማጠቢያ ነው አልኩ። ኦቦ ተርፋሳ ጫማቸውን እያዩ፣ «ኦቦ ገመቹ፣ በዚህ ዕድሜዬ ለዚህ ነገር ብዙ ስም ሲወጣለት ሰምቻለሁ። የወለል ማጠቢያ ሲባል ግን ገና ዛሬ ሰማሁ» አሉኝ። እንግዲህ ምን ልበል? በሙሉ ልብሴ ተንበርክኬ፣ በክራቫቴ ጫፍ ሳይቀር፣ ወለሉን እያሸሁ አሳየኋቸው። ወግ ነው፤ ሽማግሌ ይለምናል፣ የልጅቷ አባት ይኮራል። እኔ ቤት ሽማግሌ ቆሞ የልጅቷ አባት ተንበረከከ። የመጡበትን ጉዳይ ሳያነሱ፣ ለጤና ጥየቃ ብቅ እንዳሉ ተናግረው ወጡ።

ሰኞ ወሬው ከባምባሲ ደረሰ። የቶሌራ እናት ልጄን ከጠጪ ቤት አላጋባም ብለዋል። ኬና አላለቀሰችም። መወልወያውን አንስታ ወለሉን በውሃ ብቻ ደጋግማ አጠበችው፤ እኔን ግን ቀና ብላ አላየችኝም። አፈርኩ። ሃምሳ አራት ዓመት ጠብታ ሳልቀምስ ኖሬ በስካር መታማቴ አይደለም ያንገበገበኝ፤ የልጄ አንገት መሰበር ነው። እታገኝ ነግሬህ ነበር አላለችኝም። ምነው ባለችኝና በተገላገልኩ።

በመጨረሻ የልጅት አባት አድርጎት የማያውቀውን አደረግሁ፤ ወደ ወንዱ ቤት ሽማግሌ ላክሁ። መሪው አያሌው ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ሄደው በደጅ ተመለሱ። በሁለተኛው አስገቧቸው፤ ኦቦ ተርፋሳና ሀጂ ኑርም ተጠርተው ነበር። አያሌው አልለመነም፤ ኦቦ ተርፋሳን አንድ ነገር ብቻ ጠየቃቸው። «እኔ ጠጅ ጠጪ ነኝ፣ አልዋሽም» አለ፤ «ሃያ ሊትር የማር ጠጅ ቤቱ ያለው ጠጪ፣ ወለል ሲወለውልበት ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።»

ኦቦ ተርፋሳ ተነሡ አሉ። እናትየውን ወደ ጓዳ ጠርተው መከሩ፤ ሀጂ ኑርም ተጨመሩበት። ከዚያ ወጥተው ፍርዱን ተናገሩ፤ ሰውየው ጠጪ አይደለም፣ ሞኝ ነው፤ ሞኝነት ደግሞ በጋብቻ አይተላለፍም።

እነሆ፣ ሞኝ መሆኔ በሽማግሌ ፊት ስለተረጋገጠ ልጄን እንድድር ተፈቀደልኝ።