ፀረ እንግዳዋ ብልቃጥ

(የላብራቶሪ ክፍል። ዕቃ አጣቢዋ፣ የአንድ ልጅ እናት፣ ማቀዝቀዣውን ተደግፋ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ በእጇ ጨብጣለች። ተመራማሪዋ እጇን ዘርግታ ትለማመጣታለች።)

ተመራማሪ፦ በሞቴ አምጪያት! ከሞቀች ትበላሻለች። ለዛሬው ምርመራ ያለችን እሷው ብቻ ናት!

አጣቢ፦ አንድ ጠብታ ብቻ ስጪኝና ውሰጂያት፣ እትዬ።

ተመራማሪ፦ ምን ልታደርጊባት?

አጣቢ፦ «ፀረ እንግዳ አካል» ናት አላልሽም? ፀረ ተባይ ተባይ ካባረረ፣ ፀረ እንግዳም እንግዳ ያባርራላ! አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረስኩት እንዲሁ መሰለሽ?

ተመራማሪ፦ የምን እንግዳ አለብሽ?

አጣቢ፦ አማቴ ናቸዋ! «ልጁን አይቼ እሄዳለሁ» ብለው መጡ። ልጁ ይኸው ዳዴ አለ፣ ቆመ፣ ሄደ። እሳቸው ግን አልሄዱም!

ተመራማሪ፦ (ሳቋን ዋጥ አድርጋ) ይቺ ማንንም አታባርርም። አንዲት ፕሮቲን ፈልጋ ትለጠፍባታለች፤ እኛም ፕሮቲኗ የት እንዳለች በዚያ እናውቃለን።

አጣቢ፦ ታዲያ እንግዳው የታል?

ተመራማሪ፦ ፕሮቲኗ የመጣችው ከዘላይ ጂን ነው።

አጣቢ፦ ጂኒ ደግሞ ይዘላል?

ተመራማሪ፦ ጂኒ አይደለም፣ ጂን! ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው። ይሄኛው ጥንት ሳይጠራ ሰውነታችን ውስጥ ዘሎ ገባ፣ ተደላደለ፣ ኋላ መዝለሉን ረሳና ለቤቱ መሥራት ጀመረ። ዛሬ ቤተኛ ነው።

አጣቢ፦ አማቴን ቁልጭ! ሳይጠሩ ገቡ፣ ተደላደሉ፣ ልጁን ያጥባሉ፣ ያበላሉ፣ ያስተኛሉ... (ድምጿ እየቀነሰ) አሁንም እሳቸው ጋ ነው።

ተመራማሪ፦ ከተባረሩ ነገ ልጁን ማን ይይዝልሻል?

አጣቢ፦ እሱን... አላሰብኩትም። ቢሆንም ቤቱ ጠበበን!

ተመራማሪ፦ ቤቱ የማን ነው?

አጣቢ፦ የ... የአማቴ።

ተመራማሪ፦ የማን አልሽ?

አጣቢ፦ እሳቸው እህታቸው ጋ ሲኖሩ፣ «ቤት እስክታገኙ ግቡበት» አሉን። እኔና ባሌም ገባን። ተደላደልን።

ተመራማሪ፦ ቤትስ ፈለጋችሁ?

አጣቢ፦ መፈለጉን ረሳነው።

(ሁለቱም ብልቃጧን ያያሉ።)

አጣቢ፦ እትዬ... ፈልጋ ትለጠፋለች ነው ያልሽው?

ተመራማሪ፦ አዎ።

አጣቢ፦ ለካ ከእጄ አልላቀቅ ያለችው እንግዳዋን አግኝታ ነው! (ብልቃጧን ታስጨብጣታለች) እንኪ! ማቀዝቀዣው ውስጥ ክተቺና ቆልፊባት፤ አማቴ እንዳይሰሙ!