አባ ፋይል ዐሥራ አንዱን መዝጊያ ያቀኑበት ዜና

በዘመነ ጡረታ በመጀመሪያው ዓመት፣ በአራተኛው ወር፣ ወንበራቸውን ለተተኪያቸው አስረክበው በቤታቸው በተቀመጡ በዘጠና አንደኛው ቀን፣ ሊቀ መዛግብት፣ መጋቤ ማኅተም፣ በሠላሳ ሁለት ዓመት አገልግሎት አንዲት ደብዳቤ ያልጠፋችባቸው፣ በመሥሪያ ቤታቸው ሰዎች አንደበት አባ ፋይል የተባሉት እኒህ ጌታ፣ ከሳሎን ወደ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ወደ ሳሎን እየተመላለሱ፣ የድስት ክዳን እየከፈቱ፣ ጨው አንሷል ብለውም እየፈረዱ ቢያስቸግሩ፣ ባለቤታቸው የማድ ቤቱ እመቤት ታገሡ፣ ደግመው ታገሡ፣ በመጨረሻም ትዕግሥታቸው አለቀና ይህን አዋጅ አስነገሩ፦

«ስማ! አንተም ስማ፣ ግድግዳውም ይስማ! እስከ ቅዳሜ እጅህ የሚይዘው ሥራ ካላገኘህ ሻንጣህን አዘጋጅቼ ወንድምህ ዘንድ እሰድሃለሁ። ክዳን የሚከፍት ወንድ በቃኝ!»

አባ ፋይል ይህን በሰሙ ጊዜ የያዙትን ክዳን ቀስ ብለው ድስቱ ላይ መለሱ። ወንድማቸው ደግ ሰው ነው፤ የፈሩት እሱን አልነበረም። የፈሩት በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆነው መገኘታቸውን ነበር።

ከዚህም በኋላ ማድ ቤቱን ዞረው መረመሩ፤ ከጓሮ አዲስ ፎቅ ከተነሣ ወዲህ መስኮቱ ብርሃን አጥቶ፣ የቁም ሳጥኖቹም ጥቁር ቡናማ ቀለም ነገሩን አባብሶት፣ እመቤቲቱ በቀትር አምፖል አብርተው ሽንኩርት ሲከትፉ አገኟቸው። ወዲያውም በበኩላቸው ዐወጁ፦

«እኔ ባልሽ ይህን ጨለማ በነጭ ቀለም አባርረዋለሁ። ቀለም ቀቢ አይጠራም! ማንም እንዳይረዳኝ!»

ሐሙስ በማለዳ ዘመቱ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ በቀኝ ትልቁ ብሩሽና ትንሹ ብሩሽ፣ በግራ እጀ ቀዩ ካቻቢቴ፣ በፊት የብርጭቆ ወረቀት ሦስት ቅጠል፣ በኋላ ቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ በጠርሙስ፣ በመካከል የቀለሙ ባልዲ በግርማ፤ ደጀኑ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ነበረ፤ እሱም መሰላል ካዋሰ በኋላ በሩን ተደግፎ ከመሳቅ በቀር የፈጸመው ጀብዱ አልተመዘገበም።

ሊቀ መዛግብትም የዓመታቱን ቅባት በሳሙና አጠቡ፣ ፋቁ፣ አቧራ ዋጡ፣ ሰባት ጊዜም አስነጠሱ፤ ከዚያም የቁም ሳጥኖቹን መዝጊያዎች አንድ በአንድ ነቀሉ። ቁጥር የሌለው ነገር ማስቀመጥ ለእሳቸው ነውር ነበርና፣ በእያንዳንዱ መዝጊያ ፊት ላይ በጠመኔ፣ በዚያ በሚታወቁበት ባማረ የእጅ ጽሕፈት፣ ከአንድ እስከ ዐሥራ አንድ ጻፉበት፤ ጽሕፈታቸውንም ራቅ ብለው አይተው ደስ አላቸው። ከዚያ ቀቡ። ሲደርቅ ደገሙ። ነጩ ቀለም ቅንድባቸው ላይ ሳይቀር ነገሠ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መዝጊያዎቹ ደርቀው ግድግዳውን ተደግፈው ሳሉ፣ ቁጥር አንድን ፈለጉ፤ አጡ። ቁጥር ሁለትን ፈለጉ፤ አጡ። የጻፉት ሁሉ በገዛ ብሩሻቸው ከቀለሙ በታች ተቀብሮ ነበር። ልብስ ሰፊው ሆዱን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ። አባ ፋይል ግን ተስፋ ሳይቆርጡ አንዱን ከአንዱ ጋር ሞከሩ፤ ይኼኛው ጠበበ፣ ያኛው ሰፋ፣ ሌላው ተንጋደደ፤ ድስቶቹም ብርጭቆዎቹም ገበናቸው ወጥቶ አፈጠጡባቸው። የተቆረጠው ቀንም ያው ቅዳሜ ነበረ። በመጨረሻ ካቻቢቴውን እንደ ያዙ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፤ ሊያለቅሱም ምንም አልቀራቸውም።

በዚህ ጊዜ እመቤቲቱ ገቡ። ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አሰሩና ከጎናቸው ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ መዝጊያዎቹንም እየገለበጡ ጠርዛቸውን በጣታቸው ይዳስሱ ጀመር። ይህ ጉልበታቸውን የሚመታቸው ነው፤ ይህ የቧንቧው እርጥበት ጥጉን ያሳበጠው፤ ይህም ልጃቸው ጥርስ ስታወጣ የነከሰችው። ማንም ጽፎት የማያውቅ መዝገብ በእጃቸው ላይ ነበረና፣ እመቤቲቱ እያቀበሉ አባ ፋይል እያሰሩ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዐሥሩ በየቦታቸው ገቡ። ዐሥራ አንደኛው ተዘቅዝቆ ተሰቀለ፤ ሁለቱም አዩት፣ ሁለቱም እንዳለ ተዉት።

እመቤቲቱም ተነሥተው አምፖሉን አጠፉ፤ ክፍሉ ግን እንደ በራ ቀረ። ነጩን ግራና ቀኝ ተመልክተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሁለተኛውን አዋጅ አስነገሩ፦

«ስማ! ይህችን ጥግ ላይ ያለችውን፣ መዝጊያዋ የተዘቀዘቀውን ቁም ሳጥን ከዛሬ ጀምሮ ላንተ ሰጥቻለሁ። መነጽርህንም ካቻቢቴህንም እዚህ አድርግ፤ እኔም አልነካብህም። ክዳን መክፈት አሁንም ክልክል ነው። ለወንድምህ ደውልና ሰላም በለው፤ የትም አትሄድም!»

ሌሎች ጌቶች በሰይፍ አውራጃ አቅንተው ይሆናል። በሠላሳ ዓመት ጋብቻ በዚያ ማድ ቤት አንዲት መሳቢያ እንኳ ያልነበራቸው አባ ፋይል ግን በብሩሽ ባለርስት ሆኑ፤ የርስታቸውም ወሰን ከላይ የምድጃው ጠርዝ፣ ከታች የቆሻሻ መጣያው፣ ስፋቷም ክንድ ከስንዝር ነው። ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ እየከፈቱ አዩአት፣ እየዘጉም አዩአት። ውስጧ ባዶ ነበረ፤ እሳቸው ግን ደስታው አላስቀምጥ አላቸው። እንግዲህ ክብር ጨለማን ላባረሩ፣ ቁጥራቸውን በገዛ እጃቸው ለቀበሩ፣ በገዛ ቤታቸውም ቦታ ላገኙ ለአባ ፋይል ይሁን! ዕድሜያቸው ይርዘም፣ ቀለማቸውም አይላጥ!