የፈረሰው ቤቴ

እናንተዬ፣ መንግሥት «ቅናሽ ላድርግላችሁ» ሲላችሁ ምን ይሰማችኋል? እኔ መጀመሪያ ኪሴን ነው የምዳስሰው። ነጋዴ ቢቀንስልኝ ይገባኛል፤ ወይ ዕቃው ሊበላሽበት ነው፣ ወይ መጀመሪያ የጠራው ዋጋ ነውር መሆኑን ራሱም ያውቀዋል። ግብር ሰብሳቢ ግን የሚበላሽበት ዕቃ የለው፣ የሚያፍረው ነገር የለው፤ ምን ነክቶት ነው የሚምረኝ? ለንደን ሃያ ዓመት ኖሬ የተረዳሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ እዚህ አገር ችሮታ ሁሉ ከፊቱ ፎርም የሚያስቀድም መሆኑን ነው። ፎርሙ ደግሞ ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረበትም። እናታችሁ ያልጠየቀቻችሁን፣ የንስሐ አባታችሁ አይተው እንዳላዩ ያለፉትን ሁሉ አንድ በአንድ ይጠይቅና ከታች «ፈርሙ» ይላል።

ባለቤቴ ሂሩትና እኔ ሆሎዌይ ውስጥ በኪራይ ስንኖር ከርመን፣ ዘንድሮ አርችዌይ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ልንገዛ ተነሣን። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ሰው ከተላለፈ አንደኛው ይቅርታ መጠየቁ አይቀርም። ቢሆንም የራስ ነው። ታዲያ ቤት ሲገዛ ለመንግሥት የሚከፈል፣ ስታምፕ ዲዩቲ የሚሉት ግብር አለ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዛ ሰው ግን ይቀነስለታል። ለእኛ ሲሰላ ቅናሹ አምስት ሺህ ፓውንድ ሆነ። ሂሩት ስንት ዓመት ሙሉ በስልኳ ፎቶ ስትሰበስብለት የኖረችው ኩሽና በዚህ ገንዘብ ይሠራል ማለት ነው። እኔ በሐሳቤ መሳቢያዎቹን መክፈትና መዝጋት ጀምሬ ነበር።

ጉዳያችንን የያዘችው ሶሊሲተር፣ የቤት ግዢ ጠበቃችን ማለት ነው፣ ቢሮዋ ሆሎዌይ ሮድ ላይ፣ ከአንድ የዶሮ ጥብስ ቤት በላይ ነው። ረጋ ያለች ሴት ናት፤ የሚያስደነግጠውንም የማያስደነግጠውንም በአንድ ድምፅ ነው የምታነብበው። «ከሁለታችሁ አንዳችሁ፣ በየትኛውም የዓለም ክፍል፣ በግዢም ይሁን በውርስ ወይም በስጦታ፣ ቤት ኖሮት ያውቃል? አንዳችሁ እንኳ ኖሮት ከሆነ ቅናሹ ለሁለታችሁም ይቀራል» አለችን።

እኔ «የለም» ልል አፌን ስከፍት ሂሩት ቀደመችኝ። እጇን እጄ ላይ ጣል አድርጋ፣ ለቅሶ ቤት በሚወራበት ድምፅ፣ «እሱ ነበረው። ፈርሶበት ነው» አለች።

ስለዚህ ቤት ልንገራችሁ። ቤቱ የለም። ኖሮም አያውቅም።

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ሂሩትን ለማግባት አዲስ አበባ ላሉት አባቷ ለጋሽ ወርቁ ሽማግሌ ላክሁ። እኔ እዚህ ሥራ ላይ ነኝ፤ እዚያ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው ሄዱልኝ። መሪያቸው አጎቴ ጋሽ ታደሰ ነበሩ። ንግግር አዋቂ ናቸው፤ ችግራቸው ዝም ማለት በሚገባ ቦታም ማወቃቸው ነው። ጋሽ ወርቁ «ለመሆኑ ልጁ ምን አለው?» ብለው ሲጠይቁ፣ «ጤናና ጠባይ» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። አጎቴ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እዚሁ አዲስ አበባ ቤት አለው» አሉ። ሰፈሩን ሳይቀር ጠሩ። ከዚያ ወጥተው ደወሉልኝ፦ «ተፈቅዶልሃል፣ እንኳን ደስ ያለህ! ቤት አለው ብያለሁ፤ አደራ እንዳታሳፍረኝ።»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ሽማግሌዬ ዋሽተዋል ብሎ ለአማቱ የሚደውል ሙሽራ አይታችኋል? ዝም አልኩ። በዝምታዬ ግድግዳው ቆመ፣ ጣሪያው ለበሰ፣ አጥሩም ተሠራ። ችግሩ ከሠርጉ በኋላ መጣ፤ ሂሩት «አገር ቤት ስንሄድ ቤትህን አሳየኝ» ማለት ጀመረች። አንድ ሁለት ዓመት በተከራይ አሳበብኩ። በመጨረሻ እዚያ ሰፈር መንገድ ሲሰፋ ብዙ ቤት መፍረሱን ሰማሁና፣ የእኔንም አብሬ አፈረስኩት።

ወሬው በአንድ ቀን ተዳረሰ። ጋሽ ወርቁ ደውለው አጽናኑኝ። አማቴ እትዬ ዘነበች ስልኩ ላይ አለቀሱ። ከሃክኒ ወዳጆቻችን ድስት ሙሉ ወጥ ተሸክመው መጡ። አንዱ «ስንት ክፍል ነበር?» ቢለኝ «አራት» አልኩትና፣ ፊቱ ላይ ያለው ሐዘን ደስ ሲለኝ ሰርቪሱንም ጨመርኩለት። እንደዚያ ቀን ሰው አዝኖልኝ አያውቅም።

ወደ ሶሊሲተሯ ልመልሳችሁ። ሴትዮዋ እውነትም አዘነችልኝ። «ምናልባት ቤቱ በሕግ በስምህ ሳይዞር ቀርቶ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ቅናሹን መጠየቅ ትችላላችሁ። አጣሩና እስከ ሐሙስ አሳውቁኝ» ብላ ሸኘችን።

ደረጃውን ስንወርድ ነገሩ ሁሉ ፊቴ ላይ ተደቀነ። ሕዝበ አዳም ለግብር ሰብሳቢ የሚዋሸው ያነሰ ለመክፈል ነው። እኔ ግን አብልጬ ለመክፈል፣ ያልነበረኝን ነበረኝ ብዬ ልፈርም ነው። ምን ዓይነት ቀጣፊ ነው ከኪሱ አውጥቶ የሚቀጥፍ? እውነቱን ልናገር ብል ደግሞ፣ ቤቴ ፈረሰ ብላ ከእኔ ጋር ያዘነችውን ሴት ምን ብዬ ላያት? ኩሽናው ቢቀር ይቅር። እሷ «ታዲያ ሌላስ ምን ዋሽተኸኛል?» ያለችኝ ዕለት ምን ይውጠኛል? አልደብቃችሁም፣ ፈራሁ።

ልንገዛው ያልነውን ቤት ደግመን ልናይ ወደ አርችዌይ የሚሄደው አውቶብስ ላይ ወጥተን ፎቅ ላይ ተቀመጥን። ሂሩት «ተወው፣ አፕላይ አናድርግ። እንክፈልና ይለይለት፤ የሞተ ነገር አትቆስቁስ» አለችኝ። ይህችን ሴት አታውቋትም። ሽንኩርት በሃምሳ ሳንቲም ረከሰ ቢሏት ከሆሎዌይ ሃክኒ ድረስ የምትሄድ ሴት ናት። እሷ አምስት ሺህ ፓውንድ «ተወው» ስትል፣ ለእኔ ቁስል ብላ መሆኑ ገባኝና እንባዬ መጣ።

«ሂሩት፣ ቤቱ አልፈረሰም» አልኳት።

«አልፈረሰም? ቆሟል?» ብላ ክው አለች።

«አልቆመምም።»

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ አጎቴን፣ መንገዱን፣ ሰርቪሱን። አልጮኸችም። ሁለት ፌርማታ ያህል በመስኮቱ ወደ ውጪ ስታይ ቆየችና፣ «ስለዚህ ቅናሹን የሚያስከለክለን ያንተ ቤት አይደለም» አለች።

«አይደለም! እናገኛለን፣ ዛሬውኑ ደውለን…»

«አናገኝም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኔ ሽማግሌዎች «ቤት አለው» ብለው የወጡ ዕለት፣ እትዬ ዘነበች ልጃቸውን ጓዳ ጠርተው፣ «ቤት ያለው ወንድ የተቆጣ እንደሆነ ‹ከቤቴ ውጪ› ይላል። የምትገቢበት ይኑርሽ» አሏት። ዕቁባቸውንና ወርቃቸውን አሟጠው በስሟ አንድ ኮንዶሚኒየም ገዙላት። ለባልም ለአባትም እንዳትናገር አስማሏት። ሂሩት ከስድስት ዓመት በኋላ ቤቱን ለታናሽ እህቷ አዛውራለች፤ ግን ኖሯት ያውቃል፣ ያውም ካርታ ያለው።

«ያንተ ፈረሰ ያልከኝ ጊዜ ልነግርህ ነበር» አለችኝ። «የራሴ ሳይነካ አንተን ሳጽናና አፈርኩ። ዛሬም ሴትዮዋ ስትጠይቅ ደርቄ ቀርቼ ነበር፤ ያንተ ቤት ደረሰልኝ።»

መቆጣት ፈለግሁ። በምን አፌ? ተናድጄ ነበር፣ ቀልሎኝም ነበር፤ ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን ቅናት ነው፣ የእሷ እውነተኛ ነበራ! ተያየን፤ መሳቅ ስንጀምር ከፊታችን የተቀመጡት ሴትዮ ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። ሐሙስ ዕለት ፎርሙ ላይ የእሷን ቤት ጽፈን ፈረምን፤ ግብሩንም ሙሉውን ከፈልን።

እሑድ ጋሽ ወርቁ ደወሉ። «ያ ቅናሽ የሚባለው ነገር እንዴት ሆነ?» አሉ፣ ስልኩ ለሁሉም እንዲሰማ ተከፍቶ። ሂሩት ዓይኔን አየችኝ። አባቷ የኮንዶሚኒየሙን ነገር እስከ ዛሬ አያውቁም፤ ካወቁ የእትዬ ዘነበች እርጅና መድረሻ የለውም።

«ከለከሉን ጋሼ» አልኩ። «በዚያ በፈረሰው ቤቴ የተነሳ።»

ጋሽ ወርቁ «ያፈረሱብህ አልበቃ ብሎ፣ ለፈረሰው ደግሞ እንግሊዞቹ ያስከፍሉህ? የሰው ግፍ! አይዞህ ልጄ፣ እግዜር ይካስህ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ተሰብሮ።

«አሜን፣ ይኑሩልኝ» አልኳቸው። ታምኑኝ እንደሆነ አላውቅም፤ የእኔም ድምፅ ተሰበረ። አራት ክፍል ከነሰርቪሱ፣ ቀላል ቤት አልነበረም።