ጋሽ መኩሪያ መነጽር ሊገዙ ወጡ

በኦስሎ ሐበሻ መካከል «ተሸወድክ» እንደሚለው ቃል ወሽመጥ የሚቆርጥ የለም፤ ቃሉን ደግሞ እንደ ክቡር ጋሽ መኩሪያ አጣፍጦ የሚናገረው የለም። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። አዲስ ሶፋ ባስገባችሁ ማግስት ይመጣል። ሳይቀመጥ ጨርቁን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ «የት ገዛችሁት?» ይላል። የትም በሉት የት መልሱ አንድ ነው። «አይይ! ተሸወዳችኋላ!» ከዚያ ወዲያ እዚያ ሶፋ ላይ ተመችቶት የሚቀመጥ ቤተሰብ የለም።

ጋሽ መኩሪያ የሚኖሩት አመሩድ በሚባለው የኦስሎ ሰፈር፣ ከረጃጅሞቹ ፎቆች በአንዱ ነው። ሥራቸው የትምህርት ቤት ቫክትመስተርነት ነው፤ ቧንቧ ሲያፈስ፣ በር አልዘጋ ሲል፣ መብራት ሲበላሽ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ከባለቤታቸው ከእትዬ የምሥራች የወለዷት አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሮሆቦት። ኦስሎ ተወልዳ ያደገች፣ ያን ጊዜ ሕግ የምትማር።

ሮሆቦት ከአባቷ ጋር ሱቅ መግባት ምን ማለት እንደሆነ ያወቀችው ገና በልጅነቷ ነው። ሻጩ ፈገግ ካለ የሚደብቀው ነገር አለ። ፈገግ ካላለ ንቀት ነው። ዕቃው ላይ «ቲልቡድ» የሚል የቅናሽ ወረቀት ከተለጠፈ ደግሞ ጉድ ፈላ! «ፈረንጅ እንቢ ያለውን ነው ለእኛ ያስቀመጡት» ይላሉ፤ አባቷ ወረቀቱን እየጠቆሙ፣ ሱቁ እስኪሰማ።

በ2014 መኸር ላይ ጋሽ መኩሪያ መነጽራቸው ላይ ተቀመጡ። ጥፋቱ የወንበሩ ነበር። የተሰበረውን የመነጽር እግር በቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠፍረው «እንደውም ከበፊቱ ተሻለ» እያሉ ሳምንታት ገፉ። እትዬ የምሥራች ቻሏቸው። ትዕግሥታቸው ያለቀው፣ ጋሽ መኩሪያ አመሩድ ጣቢያ ላይ አንዲት የማያውቋት ልጅ ፊት ተገትረው «በዚህ ብርድ ያለ ኮፍያ! ማን ነው ያሳደገሽ?» ብለው በአማርኛ ሲያፈጡባት ነው። ሮሆቦት መስላቸው ነበር። እውነተኛዋ ሮሆቦት ኮፍያዋን አጥልቃ አጠገባቸው ቆማለች።

«ቅዳሜ አንቺ ይዘሽው ትወጫለሽ» አሏት እናቷ። «መነጽር ሳትገዙ እንዳትመለሱ።»

«ለምን እኔ?»

«እኔማ ምንጣፍ ልገዛ አብሬው ወጥቼ ምን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። እስከ ዛሬ ቤቱ ምንጣፍ የለውም።

ቅዳሜ መጀመሪያ የገቡት መሀል ከተማ፣ መብራቱ የሚያንጸባርቅ ትልቅ ሱቅ ነበር። ሻጩ ገና ከበሩ እየተቀበላቸው፣ አንድ ለሚገዛ ሁለተኛ መነጽር በነጻ እንደሚጨመር አበሠራቸው። ጋሽ መኩሪያ ኖርዌጅኛ አሳምረው ያውቃሉ፤ ምስጢር ሲሆን ግን ወደ አማርኛ ይዞራሉ፣ ድምፃቸውንም ከፍ ያደርጋሉ።

«ሮሂ፣ ስንት ፊት ያለኝ መስሎት ነው?»

«አባዬ፣ ቀስ በል።»

«የሁለተኛውን ዋጋ እኮ አንደኛው ውስጥ ሸጉጦታል! እኔን? እኔን ሊሸውድ?»

ፍሬም እየሞከሩ ከነበሩት ሰዎች መሀል አንዲት ሻሽ ያሰሩ ሴት ዞር ብለው «እውነትዎን ነው፤ እኔንም ባለፈው እንዲሁ አድርገውኛል» አሏቸው። አለቀ። ሮሆቦት እነዚያን ሴትዮ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ይቅር አትላቸውም።

ሁለተኛው ሱቅ ጸጥተኛና ባለ ግርማ ነበር። ኤማ የምትባል ወጣት ሻጭ ወፍራም ጥቁር ፍሬም አምጥታ ለጋሽ መኩሪያ አጠለቀችላቸውና «አየህ? ወጣት አደረገህ!» አለች። የኖርዌይ ቋንቋ አንቱታ አያውቅም፤ ጋሽ መኩሪያ ይኼንን በስድብነት ሲቆጥሩት ኖረዋል። አሁን ግን የባሰ መጣ።

«ዕድሜዬን ቀንሺልኝ ያላት አለ?» አሉ ፍሬሙን እያወለቁ። «እኔ ማየት ነው የፈለግሁ። እሷ እኔን ለሰው ልታሳይ ትፈልጋለች።»

ሮሆቦትን አነጋገሩ ደንበኛ እውነት መሆኑ ይበልጥ አናደዳት። አባቷ የሚያበሳጩት ሲሳሳቱ አይደለም፤ ልክ ሆነው ሳለ ሱቅ ሙሉ ሰው ሲያስቆጡ ነው።

በመመለሻቸው ቲባነ በሚሉት የከተማ ባቡር ውስጥ ስልኳን አወጣች። «እሺ፣ በኢንተርኔት እንዘዘው። ፊትህን ፎቶ እናነሳና እንልካለን፤ ፍሬሙ እንዴት እንደሚሆንልህ ያሳየናል።»

«ፊቴን ለማን?»

«ለድርጅቱ።»

«ከዚያ በኋላ ፊቴን ምን ያደርጉታል?»

የሕግ ተማሪዋ ስልኳን ኪሷ ከተተች፤ ቀጥሎ ባለው ጣቢያ «ውረድ» አለች፣ ከአንዲት ዳቦ ቤት ጎን የመነጽር ሱቅ በመስኮት ስላየች ብቻ። እዚህ ካልገዙ በቃ፣ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ልጅ ይቆጡ።

ሱቋ ጠባብ ናት። ባለቤቷ ናታሊ የምትባል ቁጥብ ሴት ናት፤ ፈገግም አላለች፣ ፍሬምም አላመጣች። «መጀመሪያ ዓይንህን ልየው» አለችና መመርመሪያው ላይ አስቀመጠቻቸው። መሣሪያው እፍ አለባቸው።

«ተፋብኝ እኮ!»

«አየር ነው አባዬ።»

«አየርስ ቢሆን? አይጠየቅም?»

ናታሊ በመብራት ቀኝ ዓይናቸውን አየች። ወንበሯን አስጠግታ እንደገና አየች። ከዚያ በቀስታ ጠየቀች፤ ብልጭ የሚል ነገር ያያሉ? እንደ ዝንብ የሚዞር ጥቁር ነጠብጣብስ?

ጋሽ መኩሪያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ጥያቄ ስታበዛ አየሻት? ለማስወደድ ነው።»

«ዝም ብለህ መልስላት። ታያለህ?»

«ብልጭ የሚለው የትምህርት ቤቱ ኮሪደር ነው! ያ አምፖል ነጋዴ ተጫወተብኝ። አንድ በአንድ አውጥቼ በአዲስ ቀየርኳቸው። አዲሶቹም ያው! ለርዕሰ መምህሯ ነግሬ ላስከስሰው ነው።»

ለሮሆቦት አባቷ መሰላል ላይ ወጥተው፣ ራሳቸውን አንጋጠው፣ ደህናውን አምፖል እየፈቱ ሲጥሉ ታያት።

«ቤትስ?» አለች። «ቤትም ብልጭ ይልሃል?»

«ቤት…» አሉ። «ቤትም አንዳንዴ። ዓይኔን ስጨፍንም ይለኛል።»

በተጨፈነ ዓይን ውስጥ የማንም ነጋዴ አምፖል እንደማይገባ ሁለቱም እኩል ገባቸው።

ናታሊ ቀና አለች። የዓይናቸው የውስጠኛው ሽፋን መቀደዱን ነገረቻቸው፤ ቅዳዱ እየሰፋ ከሄደ ሽፋኑ ይላቀቃል፣ ብርሃናቸውንም ሊያጡ ይችላሉ። «ወደ ቤት እንዳትሄዱ። ከዚህ በቀጥታ ሆስፒታል ነው፣ አሁን እደውልላቸዋለሁ። መነጽር ዛሬ አልሸጥልህም።»

ጋሽ መኩሪያ ከሰሙት ሁሉ የመጨረሻዋን አንጠልጥለው ተነሡ። «አልሸጥም? ቀኑን ሙሉ ሁሉም ካልሸጥንልህ እያለ ሲለምነኝ ውሎ፣ አንቺ አልሸጥም? ሰው መርጠሽ ነው የምትሸጪው? ሮሂ፣ ነይ እንሂድ፤ ሌላ ቦታ…»

«ሌላ ቦታ የለም!» ሮሆቦት ጮኸች። እንዲህ አባቷ ላይ ጮኻ አታውቅም። «ሰው ሊሸጥልህ ሲል ሌባ ነው፤ አልሸጥም ሲልህ ናቀህ! ዓይንህ ሊጠፋ ነው እኮ! እናደድብህ ወይስ ላልቅስ? ንገረኝ!» እያለቀሰች ነበር።

ጋሽ መኩሪያ ልጃቸውን አዩ፤ ወይም ለማየት ሞከሩ። ከዚያ ኮታቸውን ያዙ። «ያ» አሉ በኖርዌጅኛ። «እሺ፤ እንሂድ።»

ሆስፒታል ዓይናቸው ላይ ጠብታ ተደረገና ብሌናቸው እስኪሰፋ ጠብቁ ተባሉ። ሮሆቦት ከጎናቸው ተቀምጣ ኮታቸውን ታቅፋለች። አንደኛ ክፍል ሳለች የተገዛላት ቦት ጫማ ትዝ አላት። ውኃ አያስገባም ተብሎ ተሽጦላቸው ያስገባ ነበር። ሊመልሱት ወስደው ሻጩ «ወፍራም ካልሲ አድርጉላት» ሲላቸው አባቷ ሽንት ቤት ገብተው ቦቱን በውኃ ሞልተው መጡ፤ ገንዘብ ተቀባዩ ፊት አስቀመጡትና «እንጠብቅ» አሉ። የጠረጴዛው ወረቀት ሁሉ እስኪርስ ተጠበቀ፤ ቦቱም በደህና ተቀየረ። ሮሆቦት በኀፍረት ካፖርቶች መሀል ተደብቃ ነበር። በዚያ ክረምት ግን እግሯ አንድም ቀን አልረጠበም። ይኼን ስታስብ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው።

«ሮሂ፣ አለሽ?» አሉ በዝግታ። ጠብታው ሁሉን ነገር አደብዝዞባቸዋል።

«አለሁ አባዬ።»

«ሂጂና ምግብ ብዪ ቢሉሽ እንዳትሄጂ። እዚሁ ሁኚ።»

እጃቸውን ያዘች። በጨረር ተሠራላቸው፤ ሐኪሙ ጥቂት ቀን ቢቆዩ ኖሮ ሌላ ወሬ ይወራ እንደነበር ነገራቸው። ጋሽ መኩሪያ ሲወጡ ለእትዬ የምሥራች ራሳቸው ደወሉ። «በየዱኝ» አሉ። «ሥራቸው ግን ንጹሕ ነው።» ከአፋቸው እንዲህ ያለ ምስጋና ሲወጣ ሮሆቦት ሰምታ አታውቅም።

ዓይናቸው ድኖ፣ በረዶ ከጣለ በኋላ፣ መነጽሩን ያሠሩት ናታሊ ዘንድ ነው። ሲረከቡ በሁለት እጃቸው ጨበጧት። ሱቁ ደጃፍ ላይ አጠለቁትና ማዶ ያለውን የሕንፃ ቁጥር አነበቡ፣ የሚያልፈውን አውቶቡስ መድረሻ አነበቡ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩና ረጅም ጊዜ አዩዋት። ፊታቸው ተለወጠ።

«ዓይንሽ ሥር ምን ሆኖ ነው የጠቆረው?»

«ፈተና ነው አባዬ። አልተኛም አሁን አሁን።»

«ከስተሻል! መቼ ነው እንዲህ የከሳሽው? እኔ ሳላይ!» ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ፤ ዳቦ የገዙ ሰዎች ዞረው አዩ። «ሰውን እንዲህ አድርጎ ማስተማር አለ? ማነው እዚያ ዩኒቨርሲቲ ኃላፊው? ቢሮው የት ነው? ሰኞ እሄዳለሁ፤ ልጄን ምን እያደረጋችኋት ነው እላቸዋለሁ!»

ሮሆቦት «ናይ፣ አይሆንም፣ አትሄድም» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ተወችው። ክንዳቸውን ይዛ ወደ ጣቢያው ሄደች፤ ይናደዱላት።